የሰርዲን ጣሳ ርስት

ሠላሳ አራት ዓመት መሬት ቀይሻለሁ፣
ከአዘዞ እስከ መተማ ችካል ተክያለሁ።
ገመዴ ያልነካው ተረተር የት አለ?
ስንቱ በእኔ ሜትር ወሰን ተካለለ!
ጡረታ ስወጣ ለእኔ የደረሰኝ፣
አንዲት የሰርዲን ጣሳ፣ ክዳኗ የቆረጠኝ።

ሲስተር የሻረግ ናት ዘሩን ያመጣችው፣
በክኒን ፖስታ ውስጥ አጥፋ የሰጠችው።
ላዩ ላይ ተጽፏል፦ «ከምግብ በኋላ፣
በቀን ሦስት ጊዜ»። ውስጡን ባየው ሌላ፤
ትቢያ ነው፣ ቁንጫ ነው፣ ትንፋሽ የሚበትነው፣
መነጽር በመነጽር ካልጫንኩ የማላየው።
«እንጆሪ ናት» አለች፣ «የብርዳም ተራራ፣
ሐረግ የማትሰድ፣ በቦታዋ ቆማ የምታፈራ»።
ሠላሳ አራት ዓመት ድንበር ሳስታርቅ ኖሬ፣
ወሰን የማይገፋ ፍጥረት አየሁ ዛሬ።

ብርድ ካልቀመሰች አትነቃም አሉና፣
ጎንደር ላይ በረዶ ከየት ይገኝና፣
ከፍሪጁ በር ላይ፣ ከእንቁላሉ ጥግ አኖርኳት።
አትጠገብ፣ ባለቤቴ፣ በከፈተች ቁጥር ታያታለች፣
ምንም አትልም፤ እንቁላሏን ፈቀቅ ታደርጋለች።
መብራት ይጠፋል። ይመጣል። ይጠፋል።
የእኔ ተራራ ላይ በረዶው ይቀልጣል፣
ሌሊት ደግሞ ይረጋል።

ሚያዝያ ሲገባ ጣሳዋን በሚስማር ወጋሁ፣
ፍግና የቃሃ አሸዋ በወንፊት ነፋሁ።
አልቀበርኳትም ግን፤ ብርሃን ትሻለች፣
አፈር ከጫኗትማ ተኝታ ትቀራለች።
በአውራ ጣቴ ብቻ ተጫንኳት፣ ተነሣሁ፣
እንደ ርስት ውል ሁሉ አሻራዬን ተውኩ።

ውሃ በፈረቃ ናት፣ በስምንት ቀን አንዴ።
«ለሰው ያልደረሰ ለጣሳ ነው እንዴ?»
አለች አትጠገብ። እውነቷን ነው። ዝም አልኩ፣
ምስር ያጠበችበትን በማንኪያ እየሰረቅኩ
ጠብ፣
ጠብ።

አንድ ሳምንት። ሁለት። ሦስት። ምንም የለም።
ጓንጉል ጎረቤቴ ከአጥር ብቅ ብሎ፣
«ሰርዲኑ በቀለ?» ይላል ሳቁን ታግሎ።

በአምስተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ፣ ከረፋዱ፣
አረንጓዴ ነጥብ፤ ሁለት ጆሮ፤ አንዱ
ከእንቅልፉ ሲነቃ ሌላው እያዛጋ፣
ጣሳዬ ውስጥ ነጋ።

ሰባት ነበሩ። ሁለቱን ቀንድ አውጣ ወሰደ፣
ሁለቱ ያለ ምክንያት ወደቁ፤ ልብ ወረደ።
ሦስቱን ከጌሾው ስር፣ በየሁለት ስንዝር፣
በገመድ ለክቼ ተከልኩ (ልማድ አይሻር)።

«እንጆሪ አይደለችም» ጓንጉል ተቆጣ፣
«እንጆሪማ እሾህ ነው፣ በጭልጋ ገደል የወጣ፣
ልጅ ሳለን ክንዳችንን ቧጥጦ የከፈለን፣
ከንፈር የሚያጠቁር። እሷን ማን ሾመልን?»
ክርክሩ አይጣልም። የኛዋ እንጆሪ
ደም ሳታስከፍል አትቀመስም።
ይቺ እሾህም የላት፣ ሐረግም የላት፣
ስሟም የሰው ነው።

ኅዳር ሲጋመስ፣ አንድ ጠዋት፣ ሽታ መጣ፣
ከፍሬዋ ቀድሞ ከቅጠሉ ስር ወጣ።
ጎንበስ አልኩ። የትንሿ ጣቴን ጥፍር ታክላለች።
ለካኋት፤ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ሆነች።

በምላጭ ቀየስኳት፣ ሦስት ቦታ፣ እኩል፤
ለሲስተር የሻረግ፣ ለሚስቴ፣ ለጓንጉል።
ለቀያሽ ድርሻ የለም። ጣቴን ላስኩ።
ጓንጉል ዝም አለ፤ በጎንደር ሙሉ ይህ አይታይም።
አትጠገብ ዓይኗን ጨፍና ቆየችና፣
«አለቀች?» አለች፣ መዳፌን ገልጣ እያየች።

ከሠላሳ አራት ዓመት የተረፈች አንዲት ችካል ነበረችኝ።
ከጌሾው ስር መታኋት፤ በቀይ ቀለም
ስም ጻፍኩባት፦ አትጠገብ።
ጓንጉል በአጥር በኩል ፊደል ቆጥሮ አነበበ፣
«የሚስትህን ነው የፍሬዋን?» ብሎ ጠየቀኝ።

ቧንቧው መንጎራጎር ጀምሯል፤
ጀሪካኔን ልያዝ።