ሳል

እቴነሽ ይርዳው ሁለተኛውን ስንኝ ጨርሳ፣
ሳክስፎኑ ትንፋሹን ሲሰበስብ፣ ገና ሳያነሳ፣
በዚያች ክፍተት አንድ ሰው ይስላል።
ደረቅ ሳል ነው። አንዴ። ከዚያ ዘፈኑ ይቀጥላል።

አባቴ ነው።

ዘፋኝ አልነበረም። ትልቁን ከበሮ አዝሎ
የቸርችልን ዳገት የወጣ ነው፣ በክረምት፣ ቶሎ ቶሎ፤
ሸራውን ለከበሮው አልብሶ፣ ራሱ ርሶ የመጣ፣
ሁለት ብር ሊያገኝ በማታ።

ያን ሌሊት ማይክሮፎኑ አንድ፣ ቴፑም ውድ ነበር፤
ሙሴ ቫህራም ሰዓቱን አየ። "ይለፍ" አለ። "ይቅር።"

እሷን አገር ያውቃታል፤ ልባሱ ላይ ፎቶዋ አለ፣
አፍሮዋ፣ አጭር ቀሚሷ፣ ትከሻዋ ዘንበል ያለ።
በጀርባው የነፊዎቹ ስም ተዘርዝሯል በሙሉ።
የአባቴ የለም። እሱ ያለው ውስጥ ነው፣ ከመስመሩ መሀሉ።

ከሞተ በኋላ እናቴ መርፌውን ታነሳና
እዚያችው ላይ ትመልሰዋለች፣ እንደገና፣ እንደገና፤
ሸክላው እዚያ ጋ ነጣ፣ ተበላ።

ዘንድሮ፣ የፒያሳው ሱቅ ፈርሶ፣
ቆርቆሮ ከታጠረበት ጥግ፣
ታክሲ ውስጥ ሰማሁት፣ ታጥቦ፣ ታድሶ።
ጥሩ አድርገው ጠርገውታል። ድምጿ እንደ ብርጭቆ ጠርቷል።
ሁለተኛው ስንኝ አለቀ። ሳክስፎኑ ዝም ብሏል።
ክፍተቷ ባዶ ናት፣
ኪራይ እንደሚጠብቅ ቤት።

አፌን በእጄ ሳልሸፍን፣ ልክ በቦታው፣ ሳልኩ።

አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ
መስኮቱን ከፈተ።