አነጻጽር

ሐይቅ፣ ከዘጠነኛ «ሐ» ክፍል በስተጀርባ፣
ክረምት ሲገባ ጣሪያዋ በሦስት ቦታ የሚያነባ፣
«ቤተ ሙከራ» የምንላት ጠባብ ክፍል አለች፤
አንድ አጉሊ መነጽር አላት፣ እሷም ግማሽ ታያለች።

ብልቃጡ ውስጥ ሳላማንደር፣ በፎርማሊን ሰጥሞ፣
ከማን አገር ወንዝ እንደሆን ሳይነግረን ከርሞ፣
ቢጫ ነጥቡ ገርጥቶ፣ የስሙ ወረቀት ተልጦ፣
እኛን ያያል በመስታወት፣ ባንድ ዓይኑ አፍጦ።

ጎረቤቱ ታራንቱላ ናት፤ እሷስ ሕያው፣ ያገር ልጅ፤
ጋሽ እብሬ በጣሳ ያመጣት፣ ከካብ ሥር፣ ከራሱ ደጅ።
ስትመጣ እግሯ ሰባት ነበር፤
ስምንተኛውን ዶሮ ነው አሉ፣ ማን ቆሞ ይመስክር።

መምህርት አስካለ ሰሌዳውን በጠመኔ ሰነጠቀች፣
«አነጻጽሩ!» ብላ ከሥሩ ሁለቴ አሰመረች።
ግራ፦ አጥንት አለው።
ቀኝ፦ የላት፤ አጥንቷ ቆዳዋ ነው።
ግራ፦ በርጥብ ገላው ይተነፍሳል፣ ከደረቀ አበቃ።
ቀኝ፦ ደረቅ ጉድጓድ ትወዳለች፣ አትሻም ጠበቃ።
ግራ፦ አራት እግር። ቀኝ፦ ስምንት...
«ሰባት!» አለ ጀማል ከኋላ። እሷም ሳቀች፣ በስንት ጊዜዋ።

«ሳላማንደር» አለች ቀጥላ «እግሩ ቢቆረጥ ይመልሰዋል፤
አጥንት ባጥንት፣ ጣት በጣት፣ እንደ ጥንቱ ያበቅለዋል።»

በር ላይ የመጥረጊያው ድምፅ ቆመ።
ጋሽ እብሬ፣ ከጉልበቱ በታች እንጨት የሆነው
(የት እንደተወው ብንጠይቀው፣ ለየጠያቂው ሌላ አገር ነው)
ብልቃጡን ቆሞ አየው፤ አየው።
«ሞቶ ባይሆን እጠይቀው ነበር» አለና
መጥረጉን ቀጠለ።

የካቲት ላይ ከእረፍት ስንመለስ
ሁለት ሸረሪት ጠበቀችን፤ አንዷ ባዶ፣ እንደወለቀ ቀሚስ፤
ሌላዋ ገና ለስላሳ፣ ገና ያልጠናች፣
ስምንተኛ እግር፣ ቀጭን፣ ነጣ ያለች፣ ያበቀለች።

«አብሽር» አለኝ ጋሽ እብሬ፣ ያልጠየቅሁትን ሲመልስ፣
«እሷም እኮ በነጻ አላገኘችው።
ሙሉ ቆዳዋን ጥላ ነው።
እኔ ደግሞ ይቺን ቆዳ ለምጃታለሁ።»
ማታ ወደ ካቡ መለሳት።
ቅርፊቱን በክብሪት ቀፎ አርጎ ኪሱ ከተተው፤
ለምን እንደሆን እንጃ።

ፈተናው መጣ፦ «አነጻጽር። ዐሥር ነጥብ።»
ግራውን ጻፍሁ። ቀኙን ጻፍሁ።
ኮሪደሩ ላይ ቋ፣ ዝም፣ ቋ፣ ዝም ይላል፤
እስክሪብቶዬ መሐሉ መስመር ላይ ቆማ ቀረች።

ሰባት ተኩል አገኘሁ።
የጎደለው ምን እንደሆነ አልጠየቅሁም።