የግርጌ ማስታወሻ

ረምዚያ፣ ከዚራ፣ ከዛፉ ጥላ ሥር፣ ቀይ እርሳሷን ቀረጸች፤
የአሥራ አንድ ዓመት ድካሜን ገጽ በገጽ ገለጠች።
«ውኃ አዘል ደለል የማስረግ ምጣኔው…» አነበበች፣ ሳቀች፤
«ዶክተር፣ ይኼን ማን ይጠጣዋል?» ብላ ጠየቀች።

እኔ ለቀመሬ ስሟገት፣ ላቤ ባንገቴ ሲወርድ፣
ማዶ የደቻቱ አሸዋ በእኩለ ቀን ሲነድ፣
እሷ ከገጽ ሁለት መቶ ስድስት፣ ከግርጌ፣ ከደቃቁ ፊደል
አንዲት አህያ አገኘች፤
ልሰርዛት አስቤ ያልጨከንኩባትን፦

«በበጋ፣ ከድልድዩ ሥር፣ አሸዋውን በኮቴዋ ጭራ
ውኃ ስትጠጣ ታይታለች።»

«መጽሐፍህ ይኸው» አለች።

አህያዋን ስባ ገጽ አንድ ላይ አቆመቻት፤
ቀመሮቼን አንድ በአንድ ጀርባዋ ላይ ጫነቻት።
ተቀየምኩ። ሦስት ሳምንት ስልኳን አላነሳሁም።

ዘንድሮ፣ በባጃጅ፣ ድልድዩን ስንሻገር፣
ሾፌሩ ደረቁን ወንዝ እያየ ጀመረ ሊናገር፦
«አልሞተም እኮ፣ ዋሪያ! ከሥር ነው የሚሄደው፤
አህያ እንኳ ታውቃለች።»
«ማን ነገረህ?»
«አንድ መጽሐፍ። የጻፈው ሰው ስሙ ጠፋኝ።»

ሳቢያን ስንደርስ ወረድኩ።
ሂሳቡን ከፈልኩ፤
መልሱን ተውኩለት።