ጆሮ ይታይ

ሠላሳ ስምንት ዓመት፣ ከሰማያዊ መጋረጃ ፊት፣
ሰው አስቀምጬ አነሳሁ፤ ጉርድ ነው፣ ሦስት በአራት።
አራዳ፣ ከሰዓት ሠሪው ጎን፣ ደረጃው በተሸረፈ ቤት፣
"ቀና በል። አትሳቅ። ጆሮ ይታይ" ነበር የኔ ጸሎት።

አሁን ስልክ ሁሉን ያነሳል። ሱቄ ጫማ መሸጫ ሆኗል።
መጋረጃው ማራኪ መጥቶ፣ መኝታ ቤቴ ተሰቅሏል።

የልጄ ልጅ ሐመልማል፣ አንድ ቅዳሜ መብራት ሲጠፋ፣
ከካሜራዬ ቦርሳ ላይ እፍ ብላ አቧራ ስትገፋ፣
"አባባ" አለች፣ "ሰው ከሌለ፣ ለምን ዕቃ አታነሳም?"
"ዕቃ መታወቂያ አያወጣም" አልኳት።
እሷ እቴ! የኔን አትሰማም።

ቢጫውን ጀሪካን ጎትታ በርጩማው ላይ አስቀመጠች፤
የአባቷን ክራቫት አምጥታ፣ ያን የሠርጉን፣ አንገቱ ላይ አሰረች።
ቁጭ አለ ጀሪካን፣ ሆዱን ነፍቶ፣ ክዳኑን እንደ ቆብ ደፍቶ፣
እንደ ቀበሌ ሊቀመንበር፣ ስብሰባውን አርፍዶ መጥቶ።
ውሃ ከጠፋ አሥራ ሁለት ቀን፤ ሆዱ ባዶ፣ ግን ኩራቱ!
"ጆሮ ይታይ" አልኩ ሳላስበው፤ ልማድ ነዋ፣ የጥንቱ።
ለካ ጀሪካን አንድ ጆሮ ነው፤ እሱም የበቀለ ከአናቱ።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ በሙሉ ወረፋ ያዘ፤
ድስቱ ክዳኑን አስከትሎ፣ ጭልፋው ማንኪያውን እያዘዘ።
መርፌ መጣች፣ አንድ ዓይና። ማበጠሪያ፣ ግማሽ ጥርሱ ወልቋል።
ጠርሙስ አንገቱን አስግጎ፣ አፉን ከፍቶ፣ አንድ ነገር ይጠይቃል።
ምላሷን ያወጣች አሮጌ ጫማ። እግሩን የሚያመው ወንበር።
ስም ያወጡላቸው ሰዎች አካል ሰጥተዋቸው ነበር፣
ነበር ለካ፤
እኔ ነኝ ያልሰማሁ፣ ዕድሜዬን አንዲት ቁልፍ ስነካካ።

ልጄ ትርንጎ ከሥራ ገብታ ቤት ልትጠርግ መጥረጊያ ብታጣ፣
ሹሩባ ተሠርታ፣ ሻሽ አስራ፣ አገኘቻት መጋረጃው ፊት ተቀምጣ።
"እብዶች!" አለች። ቦርሳዋን አስቀመጠች። ዘወር ብላ አየች።
"ሻሹ ወደ ግራ አዘንብሏል" ብላ፣ ራሷ አስተካከለች።

ማታ መፈቅፈቂያውን አቁመን፣ በአራት ጥጉ ብርጭቆ ደፋን፤
በየብርጭቆው ቂጥ ላይ እንቁላል፣ ጉልላት ይሁን አልን።
ሻማ ከውስጥ ስንለኩስለት፣ ጥላው ግድግዳው ላይ ሲያድግ፣
የፋሲል ግንብ ሆኖ ተነሳ፤
ካሮት ፈቅፋቂው ለንጉሥ ሲያደገድግ!
ጎረቤቴ እንዳላማው፣ ለእንግዳ ግንብ የሚያስጎበኝ፣
ፎቶውን አገላብጦ "በየት በኩል ቆመህ ነው?" ብሎ ጠየቀኝ።
"በወጥ ቤት በኩል" አልኩት።

ትናንት ሐመልማል ኩባያ አመጣች፣ ጆሮዋ የተሰበረ።
"ይቺስ?" አለች። እጄ ካሜራው ላይ ቀረ።

አንድ ሰው ነበር። ከግንባር ይምጣ ከሌላ፣ አልጠየቅሁትም።
ለመንጃ ፈቃድ ጉርድ ሊነሳ። ቀኝ ጆሮው በቦታዋ የለችም።
"ጆሮ ይታይ" አልኩት ሳላየው፣ አፌ ለምዶት።
"የቱ?" ብሎ ሳቀ፤ ትከሻው እስኪነቃነቅ፣ ዓይኑ እንባ ሞልቶት።
"አትሳቅ" አልኩት።
ዝም አለ። አነሳሁ። ሦስት በአራት፣ ስድስት ቅጂ።
ሳቁን አይደለም ያነሳሁት፤ ዝምታውን ነው እንጂ።

ኩባያዋን በርጩማው ላይ፣ ስባሪዋን ወደኔ አዞርን፤
ሐመልማል የብርቱካን ልጣጭ በአፍ ልክ ቆርጣ ለጠፈችባት። ሳቅን።
"ቀና በይ" አልኳት። የጆሮን ነገር አላነሳሁ።
እሷን አነሳሁ።
ወዲያው ከደጅ "ውሃ መጣ!" የሚል ጩኸት ሰማሁ፤
ሊቀመንበሩን ከነክራቫቱ ተሸክሜ ወጣሁ።