አንድ በሠላሳ

ሻርጃ፣ ሮላ ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣
የከፈልኩት ለአልጋ ነው፤ በነጻ ያገኘሁት ከአልጋው በላይ።
ሁለት ሜትር በአንድ ከሃያ፣ አንድ ገጽ ኮምፔንሳቶ፣
ባረጀ የሊፍት ገመድ ከጣሪያ ስር ተጎትቶ
ቀን ቀን ይሰቀላል፤ ማታ ማታ ይወርዳል፤
ኮረብታ በሌለው ከተማ ተራራ ይታቀድበታል።

ሥራዬ ሊፍት ነው። ገመድ እለካለሁ፣ ግራሶ እቀባለሁ፣
አርባ ፎቅ በአንድ ደቂቃ ስወጣ ስወርድ እውላለሁ።
ቀጥ ብሎ መውጣት ምን አለው? በር ይዘጋል፣ ጆሮ ይደፈናል፣
በር ይከፈታል። መሀል ላይ የቀረውን ማን ያየዋል?
ባቡር ግን እንዲህ አይደለም። ባቡር ተራራውን
ደጅ ይጠናዋል፤ ዞሮ ጎኑን፣ ዞሮ ወገቡን፣
እያቃሰተ፣ እየቆየ፣
ቅድም ያለፈበትን ሐዲድ ቁልቁል እያየ።

ልኩ አንድ በሠላሳ ነው፤ ሠላሳ ጣት ወደፊት፣ አንድ ጣት ከፍ።
ሕጉን ከማንም ሳልማር አውቀዋለሁ፤ ሠላሳ ቀን ሥራ፣ አንድ ቀን ሰልፍ
ከሐዋላ ቤት ደጃፍ።

እቅዱ የፍሪጅ ካርቶን ጀርባ ላይ ነው፤ በእርሳስ።
የታችኛው ጣቢያ ስም አለው፤ የላይኛው ግን እስካሁን ድረስ
«ደብረ ምናምን» ነው።

«ድሬዳዋ ተወልደህ» ይለኛል የአክስቴ ልጅ ዝናቡ በስልክ፣
«ሸማንደፈሩን አትሠራም? ምን አስኬደህ ሌላ መልክ?»
ያንን አውቀዋለሁ፤ ችግሩም እሱ ነው። እያንዳንዷ ድንጋይ
«እኔ እዚህ አልነበርኩም» ትለኛለች፤ የጎደለው ሁሉ ላይ
ስለፋ ዕድሜዬ ያልቃል።
የሌለ አገር ግን ምን ይጎድለዋል?

ቴክ ባሃዱር፣ የኔፓሉ፣ የጥበቃ ልብሱን ሳያወልቅ
ጎንበስ ብሎ ያያል። «ይህን የቆረጠው ሰው ተራራ አያውቅ።
ውሃው የታለ? ውሃ ያልቀደደው ገደል
የዳቦ ቁራጭ ነው።» ልክ ነው። ፎሙን በቢላ ስከፍል
ያሰብኩት ለሐዲዱ ብቻ ነበር። እንደገና ከላይ እስከ ታች ቀደድኩ፤
ለሳምንት ነጭ ብናኝ ከብርድ ልብሴ ላይ ለቀምኩ።

ባይጁ የካርጎ ቤት ጸሐፊ ነው፤ ጥያቄው አንድ ብቻ፦
«ምን ይጭናል? ጭነት የሌለው ባቡር የልጅ መጫወቻ!»
ብረት አልኩት። ጨው አልኩት። ግንድ አልኩት። አላሳመነው።
ቴክ ባሃዱር ጫማውን እየፈታ፣ «ወደ ታች የሚወርደው ሰው ነው።
ከኛ ተራራ ሌላ ምን ወርዶ ያውቃል?» አለ።
የአየር ማቀዝቀዣው ተንጠባጠበ። ማንም አልሳቀ፣ ማንም ቀና አላለ።
ከዚያ ባይጁ እርሳሱን ወስዶ፣ በዚያ በቢሮ እጅ ጽሕፈቱ፣
«ወደ ላይ፦ ካርቶን» ብሎ ጻፈ፤ «ሠላሳ ኪሎ፣ የአንዱ ክብደቱ።»

ስለዚህ መሀል ላይ ማለፊያ ያስፈልጋል፤ ሁለቱ የሚገናኙበት፣
ወራጁ ቆሞ ወጪው እስኪያልፍ የሚጠብቅበት።
ማለፊያው ቦታ በላ። ከፍታው ሲሰላ ደግሞ ደብረ ምናምን
አርባ ሳንቲም ከሰሌዳው ወጥቶ፣ ባይጁ አልጋ ላይ፣ ትራሱን
ተንተርሶ አረፈ።

ሎኮሞቲቩ አልተገዛም፤ ሦስት መቶ ሰማንያ ድርሃም ነው።
ነገ በአሥራ አንድ ሰዓት መነሳት አለ። ገመዱን ስቤ ላንሳው
ስል፣ ባይጁ ምንም ሳይናገር ከአልጋው ወረደ፤
የአልጋውን እግር ይዞ ወደ በሩ ሰደደ።
በሩ አሁን በግማሽ ነው የሚከፈተው።