እርማት

ረቡዕ ከቀትር ወዲያ፣ ስድስተኛ «ለ»ን ይዤ፣
ማጭዱን፣ ገጀራውን በጆንያ ጠቅልዬ አግዤ፣
ወረድኩ ወደ ቦዬ፣ ረግረጉ ወደሚያልቅበት፣
ሰንበሌጥ ወገብ ወደሚደርስ፣ ሐረግ ዛፍ ወደሚያንቅበት።

ሠላሳ ስምንት ናቸው፤ የሐምዛ ጫማ ውሃ ጠጥቶ ያፏጫል፤
«ጉማሬ አየን» ሲሉ ግማሹ ሜዳ ይንጫጫል።
መጽሐፉ ገጽ አርባ ላይ «መጠለያ» ይላል፤ ሥዕሉ ደብዛዛ፤
እኔም ያደግኩት ሂርማታ፣ ቆርቆሮ ሥር፣ ኪራይ ቤቱን ሲገዛ፤
ምሰሶ ተክዬ አላውቅም፤ ይህንን ግን አልነገርኳቸው፤
ጉሮሮዬን ጠረግኩና «መጀመሪያ ነፋስ» አልኳቸው።

«ጣታችሁን በምራቅ አርሱ፤ ሽቅብ ቀስሩ፤ ጠብቁ፤
ከቀዘቀዘው ወገን በር አይወጣም፤ ይህን እወቁ።»
ሠላሳ ስምንት ጣት ተቀሰረ፤ ሰማይ የተከሰሰ መሰለ፣
እማኝ የሞላው ችሎት። ሰማዩም ዝም አለ።

ከዚያማ ሥራ ሆነ። ሕጉ፦ የቆመ ዛፍ አይነካም፤
የወደቀ ይነሣል፤ በክንድ እንጂ በዓይን አይለካም።
ነጂሃ ከዋንዛው ሥር ሁለት ባላ ስትጎትት ታገለች፣
«ቲቸር፣ ተመልከት፣ መንታ ናቸው!» እያለች።
ከባላ ወደ ባላ ወራጅ ጣልንና የማሰር ተራ ሲመጣ፣
የኔ ቋጠሮ ሁሉ እንደ ጫማ ክር ተንሸራቶ ወጣ።

ሒሳብ የማይሆንለት በሽር፣ የአጥር ሠሪው ልጅ፣ ቀረበ፤
«ሐረግ ይጠመዘዛል እንጂ አይታሰርም» አለና፣ ዞሮ አጥፎ ሳበ።
እንጨቱ ሲጥ አለ፤ ያዘ። እኔ እስክሪብቶ የረሳሁ ተማሪ፤
እሱ ጥፍሩ ጭቃ የሞላ፣ አፍንጫው የሚፈስ አስተማሪ።

ሣሩን ከታች ጀምረን ወደ ላይ፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት ስንደርብ፣
ደመናው ከጅሬን ቁልቁል፣ ቀጠሮ እንዳለው ሰው ሲቀርብ፣
ጣለ።
የጅማ ዝናብ አያንኳኳም፤ በር ገንጥሎ ያልፋል።
ለስምንት በተሠራ ጎጆ ሠላሳ ስምንት ልጅ ይጋፋል።
የርጥብ ሹራብ ሽታ፣ ሳቅ፣ የተረገጠ ጣት፣ ጫጫታ፤
«አያፈስም!» ይላሉ። እኔ አንገት ላይ ግን ጠብታ፣
አንድ ብቻ፣ ቀጠን ያለች፣ ባልጠፋ ሰው፣ ባልጠፋ ቦታ።

የመጨረሻው ትምህርት ማፍረስ ነበር፤ ሣሩን ለሣር መመለስ፤
ግን መሸ። «ዓርብ» ተባባልን፤ ዓርብ ይደርሳል፤ ይፍረስ።

ዓርብ መጣን። በሩ አጠገብ የበቆሎ ቆረቆንዳ፣ ጥቁር አመድ፤
ውስጥ፣ በአንድ ሰው ጎን ልክ የተኛ ሣር፣ አንድ የላስቲክ ገመድ።
ሽቅብ አየሁ። ያቺ የኔ ቀዳዳ፣ ያቺ ኮሌታ የምትፈልገው፣
የእንሰት ቅጠል ተደርቦባታል፤ አላህ ይወቅ ማን እንዳደረገው።
ይህን የሚያውቅ ብዙ ነው፤ ማንንም አልጠረጠርኩም፤
ሐረጉ ግን ተጠምዝዟል እንጂ አልታሰረም።

ማን ይሆን? ጭነት ያጣ ወዛደር? ከዳውሮ የመጣ ቀን ሠራተኛ?
ወይስ ከኛው መሐል አንዱ፣ ማታ ማታ እዚህ የሚተኛ?
ዘወር ብዬ ሠላሳ ስምንት ፊት አየሁ፤ ማንም ዓይኑን አልሰበረ፤
መጠየቅ አማረኝ፤ ጥያቄው ከጉሮሮዬ በታች ቀረ።
ቆይቶ ሐምዛ፣ ጫማው የደረቀለት፣
«ታርመናል» አለ። «ስንት ከስንት?»

በሽር ብቻ ማጭድ አንሥቶ ወጣ፤ ያፈርሳል ብዬ ፈራሁ፤
አንድ እቅፍ ሰንበሌጥ አጭዶ ሲመለስ አየሁ።
ከተነጠፈው ላይ ጨመረ፤ በሩን ጥቂት አጠበበ፤
ጣቱን በምራቅ አላረሰ፤ ነፋሱን በጉንጩ አነበበ።

ለርዕሰ መምህሩ ቅጽ ሞላሁ፦ «ተግባራዊ ትምህርት፤ ተፈጸመ።
ሣሩ ለሣር ተመለሰ።» ውሸት ነው። ብዕሬ ጥቂት ቆመ።
ፈረምኩ።

ሌሊት ቆርቆሮው ሲጮኽ ነቅቼ፣ ጣቴን በምራቅ አረስኩና፣
በመስኮቱ ስንጥቅ ቀሰርኩ፤
ነፋሱ ከቦዬ በኩል ነበርና።