ውሃ የጠጣ ጉልበት

ስሙ ይሄነው ነው፤ ግን የሽምብጡ ሐኪም
"ይሄ ነው በሽታህ" ብሎ አልቸኮለም።
መዳፉን አሳርፎ ግራና ቀኝ ለካ፤
ግራው አብጦ ኖሯል፣ ይፋጃልም ለካ።
ወጌሻው "ወለቀ" ብሎ ስቦኝ ነበር፣
ሁለት ሌሊት ሙሉ ሳቃስት ለማደር።

"በዚህ ወር ውስጥ" አለኝ፣ "ሆድህን ታመሃል?"
ነርሷ ቆማ ነበር፤ ሐፍረት ምላስ ያስራል።
እንደምንም አወጣሁት፦
ከዘጌ እንጨት ጭኜ ስመለስ በታንኳ
ከሐይቁ ጠጥቼ፣
ደም ያለው ተቅማጥ፣ ሦስት ቀን፤ ከዚያ በቃ።
ሦስት ሳምንት አልፎታል።
"ያለፈ ሆድ ቁርጠት ጉልበት ምን አገባው?"
"ጠላትማ ሄዷል፤ ዘብህ ነው ያልገባው።"

በመርፌ ቀዳልኝ፤ ብጫ፣ ድፍርስ ያለ።
"መግል ካለው" አለኝ፣ "ሌላ መንገድ አለ፤
ነገ ይነግረናል።"
ነገ ነገረን፦ የለም።
ኪኒን፣ ከምግብ ጋር፤ በባዶ ሆድ አይደለም።
በረዶ። ዕረፍት። ሲሻል ቀስ ብሎ መራመድ።
"ዓይንህ ከቀላ ግን፣ ትኩሳት ከመጣ፣
እስኪነጋ አትጠብቅ፤ በሌሊትም ና።"
"ስንት ቀን ይፈጃል?"
"ወር ይሆናል፤ ሦስትም፤ በርግጥ አላውቅም።"
ከሁሉም ያመንኩት ያቺን "አላውቅም"።

በረዶው ከዓሣ ማኅበር ነው፤ ዳምጤ በጆንያ ያመጣል፤
ቆረሶ የተኛበት፤ ጉልበቴ ዓሣ ዓሣ ይላል።
ሚስቴ ትስቃለች፤
ድመቷ ከጎኔ አልነቃነቅ አለች።

ታንኳዬም ከዳር ወጥታ ዛፍ ተደግፋ ቆማለች።
ደንገሏ ውሃ ሲጠጣ ትከብዳለች፤
እናደርቃታለን እንጂ መች እንስባታለን?
ዛሬ ጠዋት እግሬ ታጠፈ፣ እስከ ግማሽ።
ፀሐይ ላይ ነን፤
ሁለታችንም ገና እርጥብ ነን።